«ፀጉር ቤቱ»

አባቴ ምላሱ ከተያዘ በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ «ኤዬ»። በኦሮምኛ «አዎ» ማለት ናት። ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና ሲዞር ስለኖረ ከአማርኛውና ከኦሮምኛው ሌላ አፋርኛውንም አረብኛውንም የሚያንበለብል ሰው ነበር። አንድ ጠዋት በሽታው ቀኝ ጎኑን ሲጥለው ቋንቋዎቹን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደና ይህችን ረስቶለት ሄደ። ራበህ ወይ ስለው «ኤዬ» ይላል። አብልቼው ስጨርስ፣ አሁንስ ራበህ ብዬ ብጠይቀው ያው «ኤዬ» ነው። ያየው ሐኪም «ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ ግን ይህችን ቃል እንደ መልስ አትቁጠሪያት፣ ከአፉ የምትወጣለት እሷ ብቻ ስለሆነች ነው» ብሎኛል። እኔም እንደ መልስ ሳልቆጥራት ከረምኩ።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ እህቴ ጅዳ ናት። ሁለቱም ይደውላሉ፤ ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አድርጊልን ይላሉ፣ «ኤዬ» ሲላቸው ሰምተው ያለቅሳሉ። ከዚያ ለመሰናበት ሲቃረቡ የሚሏት ነገር አለች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ አለሽ።» ይህችን አባባል ከማንኛውም ስድብ አብልጬ እጠላታለሁ። ምስጋና መስላ ትመጣና በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። አንቺ አለሽ ማለት እኛ የለንም ማለት ነው፤ አንቺም ሌላ ቦታ ልትኖሪ አይገባም ማለት ነው። ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ፣ ከሚሴ ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተምር ሴት ነኝ። በእነሱ ሒሳብ እኔ ካልቀረሁ ማን ይቅር?

በዚያ ዓመት ግን መሄጃ አግኝቼ ነበር። የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ድምፅ የሚያዘጋጅ አንድ የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰማሁና፣ ለሙከራ የላኩልኝን ቁራጭ ተርጉሜ ሰደድኩ። ወደዱት። «ነይ» አሉኝ። እኔን ሰው «ቆዪ» ሲለኝ ነው የኖረው፤ «ነይ» ብሎኝ አያውቅም። ለማንም ሳልናገር ልብሴን መለየት ጀመርኩ። አባቴን ለማን እንደምተወው ግን አላውቅም። ከእሱ ፈቃድ እንዳልጠይቅ ደግሞ የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ። «ልሂድ?» ብለው «ኤዬ»፤ «ልቅር?» ብለው «ኤዬ»።

በዚህ መሐል መንገዱ ተዘጋ። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውም ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውም አንድ ላይ። ምክንያቱን ሁሉም በየፊናው ያወራል፤ እኔ የማውቀው መናኸሪያው ጭር ማለቱን፣ ሽንኩርትና ዘይት መጥፋታቸውን፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ስልኩም ብልጭ ድርግም ይላል። በአንዱ ብልጭታ ስቱዲዮውን አገኘሁት፤ መንገድ እስኪከፈት ቦታውን እናቆይልሻለን አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ሥራ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነው። የፊቱን ክፍል ፊልም ቤት ተከራይቶታል፤ በእሱና በአባቴ መኝታ መሐል ያለው አንድ ስስ ቺፑድ ነው። ፊልም ቤት ስላችሁ ትልቅ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ወንበሮቹን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ማጉያና ማይክራፎን የያዘ ተርጓሚ ናቸው ያሉት። ከአስር ሶላት በኋላ ይጀምራል፣ መግሪብ ሲቃረብ ያበቃል። ወንዱ ጫቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል። ሴት አትገባም፤ የሚከለክል ጽሑፍ በሩ ላይ የለም፣ አያስፈልግምም። ስለዚህ እኔና አባቴ ፊልም የምንሰማ እንጂ የምናይ ሰዎች አልነበርንም።

አዳዲስ ፊልም የሚመጣው ከደሴ፣ በሚኒባስ ሾፌሮች ኪስ ውስጥ በፍላሽ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ እሱም ቀረ። ጭራሽ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ፊልሞቹ ሁሉ ያሉበትን ኮምፒውተር አቃጠለው። የተረፈው በአንድ ፍላሽ ላይ ያለ፣ ከዚያ በፊት ማንም እንዲከፈትለት ያልጠየቀ ፊልም ነው። መኪና አይገለበጥበትም፣ ጥይት አይተኮስበትም። ሌላ ስለሌለ ግን ከፈቱት። በማግስቱም ከፈቱት። ሳምንቱን ሙሉ፣ ከዚያም ወሩን ሙሉ እሱ ብቻ ሆነ።

ታሪኩ፣ በኋላ በዓይኔ እንዳየሁት፣ እንዲህ ነው። የፋብሪካ ጭስ ያጠቆረው ቀዝቃዛ ከተማ አለ። አራት ሥራ ፈት ወጣቶች፣ ከእነሱ አንዷ ፀጉሯን አረንጓዴ ያደረገች ልጅ፣ የፓንክ ሮክ ባንድ ያቋቁማሉ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚጫወቱበት አዳራሽ ይከለክላቸዋል። የልጅቷ እናት ከተማውን ጥላ እንዳትሄድ ትለምናታለች። ይኸው ነው። ከሚሴ ውስጥ የታየው ፊልም ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ተርጓሚው ፓንክ የሚባል ሙዚቃ መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው፣ እኛ ሁላችን የምናውቀው ፓንክ፣ ፀጉር አስተካካዮች ግድግዳ ላይ ፎቶው የተለጠፈው ቁርጥ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተላጭቶ መሐሉ የሚቆመው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ልጆች ፀጉር ደግሞ በትክክል እሱ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ማይክ ጨብጣ «እኛ ፓንክ ነን!» ብላ ስትጮህ፣ ተርጓሚያችን ያለ አንዳች ጥርጣሬ «እኛ ፀጉር ቆራጮች ነን!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ልጆቹ አዳራሽ ሲለምኑ፣ የከሚሴ ሰው የሚሰማው ፀጉር ቤት የሚከፍቱበት ክፍል ሲለምኑ ነው። ጊታር ተጫዋቹ «ሦስት ኮርድ ብቻ ነው የምንችለው፣ እሱም ይበቃናል» ሲል «ሦስት ዓይነት ቁርጥ ብቻ ነው የምንችለው፣ እሱም ይበቃናል» ተብሎ ይተረጎማል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ድምፃችሁ ከተማውን ረበሸ ሲላቸው የፀጉር ማሽናችሁ ድምፅ ረበሸ ይሆናል። የሚገርመው ነገሩ ሁሉ ገጥሞ መሄዱ ነው። ፈቃድ የተከለከለ ፀጉር ቤት የማያውቅ ማን አለ? ፊልሙ ስሙ ጠፍቶ «ፀጉር ቤቱ» ተባለ።

እኔ እንግሊዝኛውም ትርጉሙም በቺፑዱ አልፎ ስለሚሰማኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንጀቴ እርር ድብን አለ። አንድ የማልደብቀው አመል አለኝ፤ ለማንም የማይጠቅም እውቀት እሰበስባለሁ። የትኛው ፊልም ላይ ተዋናዩ በእውነት እጁ ተሰንጥቆ እየደማ እንደተወነ፣ የትኛው ዘፈን በመታጠቢያ ቤት እንደተቀረጸ፣ እነዚህን የመሳሰሉትን። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብራኝ የምትኖር ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ፓንክ አገኘሁና ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ሰማሁ። ልብሳቸውን በመርፌ ቁልፍ እንደሚያያይዙ፣ ፀጉራቸውን በሳሙናና በእንቁላል ነጭ እንደሚያቆሙ፣ መጫወት ሳይችሉ መድረክ ላይ እንደሚወጡ አውቃለሁ። ሙዚቃው ጥሩ ነው አልልም። በሩ ተዘግቶበት በሩን በእግሩ የሚደበድብ ሰው ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ የምወድበት ምክንያት አላጣሁም።

እና አንድ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ፊልም ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ገና አልጀመሩም ነበር። ተርጓሚው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ።

«ቲቸር፣ አካም ጅርታ? አባባ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። ስማ፣ ፓንክ ፀጉር አይደለም። ሙዚቃ ነው። ልጆቹ ሙዚቀኞች ናቸው።»

አዘነልኝ። በእውነት፣ ፊቱ ላይ አየሁት። «ቲቸር፣ ወላሂ ፓንክን የከሚሴ ሕፃን ያውቀዋል። ሙዚቃውንማ ሥራ ሲጨርሱ ነው የሚጫወቱት።»

«መቀስ ይዘው አይተሃቸዋል?»

«ፈቃድ መች ሰጧቸውና?»

ከኋላው አግዳሚው ላይ የተቀመጠ፣ ለገበያ መጥቶ መንገዱ የያዘው የባቲ ነጋዴ ሳቁን ለቀቀው። እኔም ልተወው አልፈለግኩም። «እሺ፣ ሕዝቡ መድረኩ ላይ ልጅቷን ይተፋባታል አሉ፤ ምን ብለህ ተረጎምከው?» አልኩት።

«እየመረቋት ነው ብዬ ነዋ» አለ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አስተያየት። «እንትፍ እንትፍ ይሏታል። ሼኾቹ ዱዓ ሲያደርጉ እንደሚሉት።»

እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ። ያነበብኩትን አስታወስኩ፤ የፓንክ ተመልካች የወደደውን ዘፋኝ ይተፋበታል፣ አድናቆቱ ነው። ይህን ለማወቅ እኔ ስንት ነገር አገላብጫለሁ፤ እሱ የወሎን ዱዓ ብቻ ይዞ ደረሰበት። «ይህችኛዋ ትክክል ናት» አልኩትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ፤ ሙድ ቢይዙብኝም አልተቀየምኳቸውም።

ሁለተኛው ወር ላይ ፊልሙን የሚያየው ሰው ከተርጓሚው ቀድሞ መናገር ጀመረ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ብቅ ሲል ፊልም ቤቱ በአንድ ድምፅ «አይቻልም!» ይልለታል። እናትየዋ በር ላይ ስትቆም ሁሉም ዝም ይላል፤ አንዱ ያስላል፣ ሌሎቹ «ሽሽ» ይሉታል። ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስጠይቅ ሻጯ «ሦስት ዓይነት ብቻ ነው የምንችለው» አለችኝና ተሳሳቅን፤ ያቺ ሴት ፊልም ቤት ገብታ አታውቅም፣ ከባሏ ሰምታ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ፀጉራቸውን አቆሙ። በሌላ አገር ሰዎች አንድን ፊልም እስኪያብዱ ደጋግመው እያዩ ቃሉን በቃላቸው ይዘው እንደሚጮሁ አንብቤ ነበር፤ እነሱ ግን ወደው ነው የሚደጋግሙት። እኛ የምንደጋግመው ሌላ ፊልም የሚመጣበት መንገድ ስለሌለ ነው።

አንዷ ትዕይንት ላይ ልጅቷ ሕዝቡን ትጠይቃለች። ተርጓሚው «አለን ወይ፣ ጀመዓ?» ይላል። ፊልም ቤቱ «ኤዬ!» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ቀን ከእነሱ ጋር አባቴ «ኤዬ!» ሲል ሰምቼ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ያቺ ቃል ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋን አገኘች። በየቀኑ ያቺ ሰዓት ስትደርስ በጤነኛ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ከሚሴ ሁሉ «ኤዬ» ስትል እሱም ይላል። እኔ ግን ልቤ ደስታውን አልተካፈለም። ከቺፑዱ ወዲያ ሰው አለ፣ እኔ ወዲህ ነኝ። ከዚህ ቤት ወጥቼ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ፣ ከገበያ እዚህ። መንገዱም፣ ስልኩም፣ አልጋው ላይ ያለው ሰውም ሁሉም በየበኩላቸው ይዘውኛል፤ የትኛውን መቆጣት እንደሚገባኝ አላውቅም። አንድ ቀን ጊታሩ ሲያንባርቅ ቺፑዱን በቡጢ ደጋግሜ መታሁት። ድምፁ የረበሸኝ መስሏቸው ቀነሱልኝ። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ።

በኋላ ፍላሹን ከተማሪዬ ተዋስኩና በላፕቶፔ ለአባቴ ከፈትኩለት፤ ከጎኑ ተቀምጬ አንድም ሳላዛንፍ ተረጎምኩለት። ባንዱን ባንድ፣ ጊታሩን ጊታር አልኩለት። ግማሽ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ከአስር በኋላ ቺፑዱ ሲንቀጠቀጥ ግን ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ነበር።

ፊልሙ መጨረሻ የለውም። ሲገለበጥ ተቆርጧል። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ አንድ እግሯን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ታደርጋለች፣ እናትየዋ በመስኮት ታያታለች፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ጉድ አፈላ። በኋላ ተርጓሚው ማይኩን አልለቅም አለና በጥቁሩ ስክሪን ላይ ከራሱ መጨረስ ጀመረ። መጨረሻው እንደየቀኑ ነው። ዓርብ ዕለት ልጅቷ እግሯን ከደረጃው ታወርዳለች፣ ሮጣ ትመለሳለች፣ እናቷ እግር ላይ ትወድቃለች፤ ሰው «ማሻአላህ» ይላል፣ «ኤዬ» ይላል። ገበያ ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ልጅቷ በትልቅ ከተማ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ፀጉር ቤት ትከፍታለች፤ ሰው ያጨበጭባል፣ «ኤዬ» ይላል። ሁለቱንም እኩል ይወዱታል።

አባቴ ግን እኩል አልወደደውም። ይህን ለማስተዋል ጊዜ ወሰደብኝ። ልጅቷ ስትሄድ የእሱ «ኤዬ» ከእነሱ ጋር ይወጣል። ስትመለስ ከእኛ ወገን ምንም የለም። ደክሞት ነው አልኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ስራዬን ትቼ ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። ልጅቷ ተመለሰች። ፊልም ቤቱ «ኤዬ!» አለ። አባቴ ከንፈሩን ገጥሞ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«አባዬ፣ ውሃ ልስጥህ?»

«ኤዬ።»

«ልጅቷ መመለሷ ጥሩ ነው?»

ዝም።

«ብትሄድ ይሻል ነበር?»

«ኤዬ።»

 «አይ» የምትል ቃል የለችውም፤ ሐኪሙም እኔም እዚያ ላይ ቆመን ቀርተናል። እሱ ግን ለካ ያለችውን ቃል በመንፈግ «አይ» ማለት ይችል ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የጠየቅኩትን ሁሉ መልሱን ሳልጠብቅ ራሴ እየመለስኩ ስሄድ፣ ዝም ያለበትን ጊዜ መቼ ሰማሁትና።

የራሴን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱ አልመጣልኝም፤ ቀኑን እየገፋሁ፣ እሱን ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ ሳጎርሰው ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስለ ስቱዲዮው ሁሉንም ነገርኩት።  «መንገዱ ሲከፈት ነይ ብለውኛል» አልኩት። «አባዬ፣ ልቅር?»

ዝም አለ።

ያልሰማ መስሎኝ «ልቅር ወይ?» ብዬ ጮክ አልኩ። ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ቺፑዱ አዞረ። ትራሱን ላስተካክልልህ ስለው «ኤዬ» አለ። እንደገና «ልቅር?» ስለው ዘጋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቆጣ የሚዘጋኝ አዘጋግ ነው፤ አትጨቅጭቂኝ፣ ጨርሻለሁ የሚለው።

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የያዘኝ እሱ ነው ብዬ ስለማምን አንድ ዓይነት እረፍት ነበረኝ፤ የታሰረ ሰው መንገድ አይመርጥም። ያቺ ቃል ትርጉም የላትም እስካልኩ ድረስ እኔም ከመወሰን ነፃ ነበርኩ። አሁን ሲለቀኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ባልችልስ፣ ቢስቁብኝስ፣ የማውቀው ሁሉ ለማንም የማይጠቅም ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት ብቻውን ቀረ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እንዳይከፈት የተመኘሁባቸው ቀናት ነበሩ። ይህንን ስል አፍራለሁ፣ ግን ነበሩ።

መንገዱ ተከፈተ። መጀመሪያ ከገቡት ሚኒባሶች በአንዱ አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከሰንበቴ መጣች። ባሏ ሞቶ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ነገርኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፣ «እኔ አለሁ።» ብዙ ይከራከሩኛል ብዬ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አላስፈለገም። ወንድሜ ግን በስልክ «አንቺ ከሄድሽ ማን አለ?» አለኝ። «አንተ አለህ» አልኩት። 

የምሄድበት ጠዋት አክስቴ ሻንጣዬን ወደ ደጅ አወጣችልኝ። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ ጋ ገባሁ፣ ታጥቦ፣ ኮፊያውን አድርጎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ግራ እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ሄድኩ።»

«ኤዬ።»

«በየቀኑ እደውላለሁ።»

«ኤዬ።»

«ዱዓ አድርግልኝ።»

«ኤዬ።»

እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን የሚያበረታኝ ነገር ፈለግኩ፣ ሦስት ኤዬ አልበቃኝም፤ እየሳቅኩ፣ «ስሄድልህ ደስ አለህ፣ አይደል?» አልኩት።

እጄን አልለቀቀም። ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አላነሳም። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

ባጃጁ ውጭ ጥሩንባውን ነፋ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።